«ፔር ጎሪዮ»፦ የሚዋሸው ቤቱ ነው ወይስ ዓይናችን?

ሰገነት ላይ

ሰላም ቤተሰብ። የባልዛክን «ፔር ጎሪዮ» ጨርሼ የማወራው ሰው አጣሁ። ያላነበበ ካለ ከዚህ በታች ባይወርድ ይሻለዋል። እስከ ቀብሩ ድረስ ነው የምናወራው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ አንድ ነገር ይደጋገማል። መልክ ያታልላል፣ የሀብታሙ ሰፈር ውጩ ወርቅ ውስጡ ጉድ ነው፣ የድሃው ቤት ደግሞ ውጩ አስጠሊታ ውስጡ ቅን ልብ ነው ይባላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ባልዛክ ምንም አልደበቀም ባይ ነኝ። ቤቶቹ አፍ አውጥተው ይናገራሉ። ችግሩ ያለው የሚያዩት ሰዎች ላይ ነው።

የማዳም ቮኬርን ፔንሲዮን፣ ክፍል ከነምግቡ የሚከራይበትን ቤት፣ ተመልከቱ። ጊዜው 1819 ነው፤ ዓመት የምጠራው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቦታው ፓሪስ፣ ከላቲን ሰፈር ወደ ሴን ማርሶ በሚወርደው ጭር ያለ መንገድ ላይ። የፓንቴዮንና የቫል ደ ግራስ ጉልላቶች አካባቢውን አጨልመውታል። ማስታወቂያው «ለሁለቱም ጾታና ለሌሎችም» ይላል። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ እንጃ። ግቢው ውስጥ ቀለሙ የተላጠ የፍቅር አምላክ ሐውልት ቆሟል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ሣጥን አለ። የእያንዳንዱ ተከራይ የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ከነወይን ጠጅ እድፉ፣ እዚያ ይቀመጣል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ካሊፕሶ ለኡሊስ ልጅ ስትደግስ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል። ወጣት ተከራዮች በዚያ ድግስ እያመካኙ በራሳቸው ደረቅ እራት ሲቀልዱ 40 ዓመት ሆኗቸዋል።

ይሄ ቤት ምኑን ደበቀ? ባልዛክ ራሱ ሴትየዋ ፔንሲዮኑን ትገልጻለች፣ ፔንሲዮኑም እሷን ይገልጻል ይለናል።

ዋናው ማስረጃዬ ግን የሴቶቹ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ሽክ ያለች ሴት ሽማግሌውን ተከራይ ጎሪዮን ልትጠይቅ ትመጣለች። ቆየት ብሎ ሌላ ትመጣለች። ደግሞ በሌላ ልብስ፣ ደግሞ በማታ ቀሚስ። ማዳም ቮኬርና ወጥ ቤቷ ሲልቪ ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ፤ አራት ደረሱ። ሽማግሌው ውሽማ ያበዛል ተብሎ ስሙ ጠፋ። እሱ «ልጄ ናት» ሲል «ሠላሳ ስድስት ልጅ አለህ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። «ሁለት ብቻ ናቸው» አለ። እውነቱን ነበር። ሁለት ሴት አይተው አራት ቆጠሩ፣ እውነቱ ሲነገራቸው ሳቁ። ታዲያ ማን ነው ያታለላቸው?

ማሂ ከአዋሬ

ኧረ ቀስ በል ወንድሜ። ጎሪዮ ላይ እሺ። ቮትራንስ? ያ ሰውዬ እኮ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ጉድ ሠርቷል። ሳቂ፣ ተጫዋች፣ ብር ለቸገረው የሚያበድር፣ ለማዳም ቮኬር «እማማ» እያለ ወገቧን የሚያቅፍ። በመጨረሻ ማን ሆኖ ተገኘ? ከቱሎን ወህኒ ያመለጠው ዣክ ኮሊን፣ «ሞትን ሸዋጁ»። የወንበዴዎች ገንዘብ ያዥ! ይሄን ፔንሲዮኑ ነግሮህ ነበር? እኔ በበኩሌ ትከሻው ላይ ያ የወንጀለኛ ማኅተም ሲወጣ ደንግጫለሁ።

ሰገነት ላይ

ማሂ፣ ቮትራንማ ዋናው ምስክሬ ነው። ተከራዮቹን አንድ በአንድ የሚያስተዋውቅበትን ክፍል እንደገና አንብቢው። ገና ስሙን ሲጠራው ጥቁር ዊግ ያደርጋል፣ ሪዙን ይቀባል፣ ነጋዴ ነበርኩ ይላል ብሎ ይጀምራል። ትንሽ ወረድ ሲል የጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ጠጉር አለ ይለናል። ራሱ ጥቁር፣ እጁ ቀይ! ይሄን በየቀኑ ገበታ ላይ እያዩት ሾርባ ሲቀባበሉ ኖሩ። ፖሊሱ ጭንቅላቱን መትቶ ዊጉን ሲያበረው የጡብ ቀለም ያለው ጠጉር ብቅ አለ፤ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። እጁ ሲነግራቸው የኖረውን ነው የደነገጡት።

ደግሞ ቁልፍ። የማንም ቁልፍ ሲበላሽ ይፈታዋል፣ ያጸዳዋል፣ ይገጥመዋል። «ይሄ የኔ ነገር ነው» ይላል። ማታ ማታ የሚገባበት የራሱ የበር መክፈቻ አለው። እንዲህ ያለ ነጋዴ የት ታያለሽ?

የክሪስቶፍ ነገር ደግሞ አለ። አንድ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ ያስቆመውና «እናንተ ጋ ሪዙን የሚቀባ ወፍራም ሰውዬ አለ አይደል?» ይለዋል። የኛ አሽከር «አይቀባም፤ እሱን የመሰለ ጨዋታ ወዳድ ለዚህ ጊዜ የለውም» ብሎ ይመልሳል። ፖሊስ በር ላይ ደርሷል፣ ቤቱ ግን ይሟገትለታል።

ማሂ ከአዋሬ

የእጁን ጠጉር አላስተዋልኩትም ነበር፤ እሱስ ነጥብ ነው። ግን ደራሲው ለእኛ መንገሩና ሰውዬው አለመዋሸቱ አንድ አይደለም። ቮትራን ውሸታም ነው። ዊግ አድርጓል አለቀ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። ትንሽ ልጨምር።

መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው «ሬቩ ደ ፓሪ» በሚባል መጽሔት ላይ በተከታታይ ነው፤ ከ1834 መጨረሻ እስከ 1835 መጀመሪያ። ባልዛክ በኋላ መታሰቢያነቱን ለአንድ የእንስሳት ሊቅ፣ ለዦፍሯ ሴንት ኢሌር ሰጥቶታል። ይሄ ዝም ብሎ አክብሮት አይደለም። እንስሳ እንደሚኖርበት ቦታ መልኩ ይለዋወጣል የሚለውን ሐሳብ ወደ ሰው አምጥቶታል። ሰፈር ሰውን ይሠራል ማለቱ ነው። ለዚህ ነው ሰው ከማስገባቱ በፊት ግድግዳ፣ ወንበርና ሽታ እየገለጸ ገጽ የሚጨርሰው። ብዙ አንባቢ እዚያ ጋ ይሰለቻል። ባይዘል ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ሁላችሁም «ድሃው ቤትና ሀብታሙ ቤት» ትላላችሁ። የባልዛክ ፓሪስ ግን ሦስት ናት። አንደኛው የቮኬር ጭቃ ነው። ሁለተኛው ሾሴ ዳንታን፣ አዲስ ገንዘብ ያለበት ሰፈር ነው፤ የጎሪዮ ልጆች እዚያ ናቸው። ሦስተኛው ፎቡር ሴን ዠርማን፣ ከአብዮቱ በኋላ ከንጉሡ ጋር የተመለሱት የድሮ መኳንንት ሰፈር ነው፤ ቪኮምቴስ ደ ቦሴያን የምትኖረው እዚያ ነው። አዲሱ ገንዘብ ወደ አሮጌው ስም ለመግባት ይሞታል። ቦሴያን ለራስቲኛክ (ፔንሲዮኑ ውስጥ ለሚኖረው ተማሪ) ስለ ዴልፊን (ከጎሪዮ ልጆች አንዷ) ምን እንዳለችው ታስታውሳላችሁ? የኔ ሳሎን ለመግባት ከሴን ላዛር መንገድ እስከ ግሬኔል መንገድ ያለውን ጭቃ ሁሉ በምላሷ ትልሳለች አለችው። የባንክ ባለቤት ሚስት ናት እንግዲህ!

ቤቶቹን አስተያዩ። የቦሴያን ደረጃ ነጭ ነው፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ አበባ ዳርና ዳር። የዴልፊን ቤት በቀጫጭን ዓምድና በሞዛይክ ተሞልቷል። ባልዛክ የባንክ ሰው ቤት መሆኑን ሳይደብቅ ያሾፍበታል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሴትየዋ የራሷ የምትለው ሳንቲም የላትም። ራስቲኛክን 100 ፍራንክ አስይዛ ቁማር ቤት ትልከዋለች። 7 ሺህ ይዞላት ሲመለስ ታለቅሳለች። አብዛኛውን ለቀድሞ ፍቅረኛዋ ዕዳ ነው የምትከፍለው። ስለዚህ ሰገነት፣ ያንተ ክርክር ቮኬር ቤት ላይ ይሠራል። ሾሴ ዳንታን ላይ ግን ያነክሳል።

ሰገነት ላይ

አመሰግናለሁ ጋሼ። የዴልፊን ቤት ላይ ይዘውኛል። ላስብበት።

ሒሳብ ሹሟ

እኔ ደግሞ ፍራንኩን ልቁጠርላችሁ። ሙያዬ ነው።

ጎሪዮ በ1813 ሲገባ በዓመት 1,200 ፍራንክ ይከፍላል። ምርጡ ክፍል የሱ ነው። ያኔ «ሙሴ ጎሪዮ» ነው፤ አቶ ጎሪዮ እንደማለት። የሆላንድ ጨርቅ ሸሚዝ፣ የወርቅ የትንባሆ ሣጥን፣ ቁም ሣጥን ሙሉ የብር ዕቃ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣና 900 ሆነ፤ ያኔ «ሙሴ» ቀርቶ «አባባ ጎሪዮ» ተባለ። ቀጥሎ ሦስተኛ ፎቅ፣ በወር 45 ፍራንክ። በዓመት 540 መሆኑ ነው። ከግማሽ በታች።  ደረጃውን በወጣ ቁጥር ክብሩ ወረደ። ሊፍት በሌለበት ዘመን ድህነት ወደ ላይ ነው የሚወጣው።

ሊሞት ሲል ለእያንዳንዷ ልጁ 800 ሺህ ፍራንክ ገደማ እንደሰጠ ይናገራል። ቀብሩ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በ70 ፍራንክ አለቀ። ገንዘቡ ከአንድ ችግረኛ ተማሪና ከሐኪም ቤት ጓደኛው ኪስ ነው የወጣው። መቃብር ቆፋሪዎቹ ጉርሻ ሲጠይቁ ራስቲኛክ ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ነው። ከክሪስቶፍ 20 ሱ (አንድ ፍራንክ) ተበደረ። ከአሽከር!

ይሄን መጽሐፍ ማንም ሒሳብ ሳይዝ ባያነበው እመርጣለሁ። ባልዛክ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ዕዳ ሲያሳድደው የኖረ ሰው ነው። ብር ላይ አይቀልድም። ሰዎቹ በንግግራቸው ይዋሻሉ፣ ደረሰኙ ግን አይዋሽም። የራስቲኛክ ቤተሰብ በዓመት 3 ሺህ ፍራንክ ገደማ የሚያስገባ ርስት ላይ ይኖራል። ከዚያ 1,200ው ለሱ ይላካል። እሱ አሁንም ለልብስ 1,200 ጨምሩ ብሎ ይጽፋል። እናቱ ጌጥ ሸጣ ላከች፤ እህቶቹ ያጠራቀሟትን 350 ፍራንክ ጨመሩ። ያ ብር ነው ፓሪስ ውስጥ ኮት የሆነው።

ቤሩት ያለችው

ሰላም ለሁላችሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይሄን አይቼ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከመጽሐፉ በጣም የገረመኝ የአሽከሮቹ ነገር ነው። ራስቲኛክ መጀመሪያ ወደ ሬስቶ ቤት፣ የጎሪዮ ሌላዋ ልጅ አናስታዚ ወዳገባችበት፣ ሲሄድ በእግሩ ነው። ቦት ጫማው በጭቃ ተበላሽቶ ፓሌ ሮያል ላይ ያስጠርገዋል፣ ሱሪውን ያስቦርሻል። ግቢውን በእግሩ ሲያቋርጥ አሽከሮቹ አዩት። በር ላይ የሠረገላ ድምፅ አልሰሙማ! ገና አፉን ሳይከፍት ማን እንደሆነ ጨረሱት። ቀጥሎ ቦሴያን ቤት ሲሄድ ብልጥ ሆንኩ ብሎ ሠረገላ ተከራየ። ለካ ለሰርግ የሚያገለግል ሠረገላ ነው። እዚያም ሳቁበት። ፋራ መሆኑ በእግሩም ሄደ በሠረገላ አልተደበቀም።

ሰገነት፣ አንተ ያልከው ልክ ነው፤ ግን የሚያይ ሰው የለም ያልከው ላይ አልስማማም። አለ። የሚያዩት በር የሚከፍቱት ናቸው። እኛ እንግዳ ጫማ ሲያወልቅ እናውቀዋለን። እመቤቴ የማታውቀውን ስለ ባሏ እኔ አውቃለሁ፤ ከልብሱ ኪስ ነው የማውቀው። ግን ማን ይጠይቀኛል?

ሰገነት ላይ

ይሄ ነገር የክሩን አቅጣጫ ቀየረው። እህቴ፣ ክሪስቶፍ ግን አሽከር ሆኖም ቮትራንን አላየውም?

ቤሩት ያለችው

ክሪስቶፍ ጉርሻ ይቀበላል። ቮትራን ማታ ሲገባ እንዳያይ ነው የሚከፍለው። አለማየት ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም። ልዩነት አለው።

ማሂ ከአዋሬ

ይመችሽ! ከሁላችንም የተሻለ አነበብሽው።

ኪሩ

እኔ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ጽሑፍ አለብኝ። ስለ ሁለቱ ቦታዎች ንጽጽር አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ተብያለሁ። የትኛውን ትላላችሁ?

ሰገነት ላይ

ኪሩ፣ የቦሴያንን የዳንስ ግብዣ ምሽት ውሰድ። ሌላ አትፈልግ።

አናስታዚ ለፍቅረኛዋ ለማክሲም ዕዳ ስትል የባሏን ቤተሰብ አልማዝ አራጣ አበዳሪው ጎብሴክ ጋ አድርሳዋለች። ባልየው አወቀ፤ አልማዙን አስመልሶ በግብዣው ላይ አድርጊው አላት። ሰው ሁሉ ያወራል፣ አንገቷ ላይ ካልታየ ተዋረደች። ቀሚሱም አለ። ሰፊዋ ገንዘብ ካልተሰጠኝ አልሰጥም አለች። ሽማግሌው ታሞ ከአልጋ ተነሳ። የቀሩትን ጥቂት የብር ዕቃዎች ሸጠ፣ የጡረታ ገቢውንም አስይዞ ተበደረ፤ 1,000 ፍራንክ ሞላላት። ከዚያ ተመልሶ ወደቀ። በማግስቱ ማታ ሁለቱም ልጆች ግብዣው ላይ ናቸው። እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳት በሌለበት ክፍል ያጣጥራል። ቢያንሾን የተባለው የሕክምና ተማሪ ብቻ አጠገቡ ነው።

ባለቤቲቱም ያው ናት። የቦሴያን ፍቅረኛ፣ ፖርቱጋላዊው ማርኪ ዳጁዳ ፒንቶ፣ ትቷት ሌላ ሊያገባ ነው። ፓሪስ በሙሉ የመጣው ፊቷን ሊያይ ነው። እሷ ነጭ ለብሳ፣ ጠጉሯን ሳትሸልም፣ ጸጥ ብላ ታስተናግዳለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ነጋ ሲል ፓሪስን ትታ ወደ ኖርማንዲ ገጠር ተሰደደች።

ራስቲኛክ መሐል ቆሞ ያያል። ከሁለቱ እህትማማቾች አልማዝ ሥር አባታቸው የተኛበት ድሪቶ አልጋ ታየው ይላል ባልዛክ። ሁለቱን ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር አገጣጠማቸው። ጽሑፍህን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀምር።

ጡረተኛው መምህር

ኪሩ፣ ቦታ ከተረፈህ አንድ ነገር ጨምር። ቦሴያን በዚያ ባማረ ሳሎኗ ለራስቲኛክ ምክር ትሰጠዋለች። ያለ ርኅራኄ ምታ፣ ያኔ ትፈራለህ፤ ወንዱንም ሴቱንም እንደ ፖስታ ቤት ፈረስ ቁጠራቸው፣ ቢሞቱ በየጣቢያው ጥለሃቸው እለፍ ትለዋለች። ቆይቶ ቮትራን በፔንሲዮኑ ግቢ ያንኑ ይነግረዋል። ልዩነቱ የሱ ግልጽ ነው፤ ቪክቶሪን የምትባለውን ተከራይ አፍቅር፣ እኔ ወንድሟን በድብድብ አስገድላለሁ፣ ውርሱ ለሷ ይዞራል፣ ለኔ 200 ሺህ ፍራንክ ትሰጠኛለህ ነው ያለው። ራስቲኛክ ወዲያው ገባው። ቦሴያን አሳምራ ያለችውን ይሄ እንደወረደ ነገረኝ አለ።

የሰፈሮቹ ልዩነት እንግዲህ እዚህ ጋ ይጠባል። ከግሬኔል መንገድ እስከ ቮኬር ግቢ አንድ ትምህርት ነው የሚሰጠው። ማሂ ቮትራን ውሸታም ነው አልሽ፤ ዊጉን ነው የዋሸው። ዓለምን በተመለከተ ከሱ በላይ እውነት የተናገረ ሰው መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ወይዘሪት ጥርጣሬ

ሁላችሁም የቮትራን ዊግ ላይ ተንጠልጥላችሁ ትልቁን ዊግ ረሳችሁት። ጎሪዮን ማለቴ ነው።

ምስኪን አባት፣ የተካደ ሽማግሌ። ባልዛክም «የአባትነት ክርስቶስ» ይለዋል። እስቲ ብሩ ከየት መጣ? ሰውዬው የፓስታና የዱቄት ነጋዴ ነበር። አብዮቱ ላይ፣ ፓሪስ ስትራብ፣ የሰፈሩ የአብዮት ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ዱቄቱን በአሥር እጥፍ ሸጦ ነው የከበረው። ያ ሁሉ አልማዝ የረሃብ ብር ነው። ይሄን መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል፣ እናንተ ግን ሲያለቅስ አይታችሁ ረሳችሁት።

ደግሞ ልጆቹን ማን አበላሻቸው? በ15 ዓመታቸው ሠረገላ የገዛላቸው እሱ። ዴልፊን ከራስቲኛክ ጋር እንድትገናኝ አርቷ መንገድ ላይ ቤት ያሰናዳላቸው እሱ። ባለ ትዳር ልጁን! ራሱም በዚያው ሕንፃ በላያቸው ሊኖር ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። ይሄ ፍቅር ነው እንዴ? ለኔ ጤነኛ ነገር አይመስልም።

ማሂ ከአዋሬ

ጨከንሽ። ሰውዬው ልጆቹን ጠርቶ ጠርቶ ነው የሞተው።

ወይዘሪት ጥርጣሬ

ሲሞት ምን እንዳለ አንብቢያ። አንዴ «ይመጣሉ፣ መላእክቶቼ» ይላል፣ አንዴ «አይወዱኝም፣ ድሮም አውቀው ነበር» ይላል። ገንዘብ ቢኖረኝ ይሳሙኝ ነበር ይላል፣ በፖሊስ አምጡልኝ ይላል። ሁሉን ያውቅ ነበር። ከቤቱ ሁሉ የበለጠ ዓይኑን የጨፈነው እሱ ነው።

አላለቅስም አላልኩም። አልቅሻለሁ። ግን እያወቅሁ።

ሰገነት ላይ

ይሄ ለኔ ክርክር ሥጋ ሰጠው። የልጆቹን እጅ ከማንም በፊት ያየው እሱ ነበር ማለት ነው። ሬስቶ ቤት በዋናው በር አይገባም። ራስቲኛክ ቤቱን አውቃለሁ ባይ ሆኖ የተሳሳተ በር ይከፍትና ገንዳ ያለበት ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሆኖ የጎሪዮን ድምፅና የመሳም ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሽማግሌው በትንሿ ደረጃ ወርዶ በግቢው ሲወጣ ያየዋል፤ የአናስታዚ ባል የሬስቶ ሠረገላ ሲገባ ሊድጠው ምንም አልቀረውም። 800 ሺህ ፍራንክ ሰጥቶ በጓሮ ደረጃ! ያን የሚያህል ቤት ሁለት ዓይነት ደረጃ እንዳለው ያወቅነው ፋራው ልጅ መንገድ ስለጠፋው ነው።

ሴን ዳር

ሰላም ከፓሪስ። መጽሐፉ ውስጥ ኔቭ ሴንት ዠኔቪዬቭ የሚለው መንገድ ዛሬ ሩ ቱርንፎር ይባላል። 5ኛው ወረዳ ነው። ቁልቁለቱ አለ፣ ፓንቴዮንም ቫል ደ ግራስም አሉ። ጭርታው ግን ከድህነት ጋር ተለያይቷል። ዛሬ እዚያ ቤት ለመከራየት ራስቲኛክ አይደለም የዴልፊን ባል፣ የባንክ ባለቤቱ ኑሲንገንም ያስባል። ባልዛክ በፓሪስ ውስጥ ከዚህ የባሰ የሚያስፈራ፣ ከዚህም የባሰ የማይታወቅ ሰፈር የለም ያለው ይሄን ነው።

ፔር ላሼዝ መቃብርም ሄጄ አውቃለሁ። ከፍ ያለ ቦታ ነው። ራስቲኛክ ከቀብሩ በኋላ ከተማዋን ቁልቁል ያየበት። ባልዛክ ራሱ በ1850 ሲሞት እዚያው ነው የተቀበረው። ቪክቶር ሁጎ ንግግር አድርጎለታል።

ሒሳብ ሹሟ

ቀብሩን ካነሳችሁ ሠረገሎቹን አትርሱ። አስከሬኑ ከሴንት ኤቲየን ዱ ሞን ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሁለት ባለ አርማ ሠረገላ ብቅ አሉ። የሬስቶና የኑሲንገን። ውስጣቸው ማንም የለም። ባዶ! እስከ መቃብሩ ድረስ ተከትለውት ሄዱ። ለቅሶ ቤት ስም ማስመዝገብ ይሉሃል ይሄ ነው።

ማዳም ቮኬርም አልተሻለችም። ለመገነዣ አንሶላ ሲጠየቅ ያረጀውንና የተገለበጠውን ስጪ፣ ለሞተ ሰው ይበቃል አለች ለሲልቪ።

ማሂ ከአዋሬ

ቮኬር ላይማ አትምጪብኝ፣ እሷ እኮ አንዴ ተበልታለች። ጎሪዮን ላግባው ብላ ስትዘንጥ አማካሪ የሆነቻት «ኮንቴስ» ትዝ ትላችኋለች? የስድስት ወር ኪራይ ሳትከፍል ጠፋች። ትታ የሄደችው ጨርቅ ሲገመት 5 ፍራንክ ወጣለት። ሳቄን መቆጣጠር ነው ያቃተኝ። ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ሰው ማመን ትታለች፤ ግን ዣክ ኮሊንን አመነች።

ኪሩ

ሚሾኖንስ የት እናስቀምጣት? ያቺ አረንጓዴ የዓይን መከለያ የምታደርገው አሮጊት። ቮትራንን መድኃኒት አጠጥታ ያስያዘችው እሷ ናት። ወንጀለኛ ነው ያስያዘችው፤ ተከራዮቹ ግን እሷን ከቤት አባረሩ። ይሄ አልገባኝም።

ወይዘሪት ጥርጣሬ

ኪሩ፣ ለገንዘብ ነው ያደረገችው፤ ሁሉም ያውቃል። ለዚያውም ፖሊስ ይሻላል ወይስ ቮትራንን አስጠንቅቄ ከሱ ብቀበል ይሻላል ብላ ስታሰላስል ነበር። አብሮ የበላን ሰው መሸጥ ከወህኒ ማምለጥ የከፋ ሆኖ ታያቸው። በነገራችን ላይ ፖሊሱ ቢቢ ሉፓንም እውነተኛ ስሙንና ሥራውን ደብቆ ነው የእንስሳትና ዕፅዋት ማሳያው አግዳሚ ወንበር ላይ ያግባባት። ጡረታ የወጣ ባለጸጋ መስሎ።

ጡረተኛው መምህር

ባልዛክ ቮትራንን ሲጽፍ ቪዶክን በልቡ ይዞ ነበር። ወንጀለኛ የነበረ፣ በኋላ የፓሪስ ፖሊስ የምርመራ ክፍል አለቃ የሆነ እውነተኛ ሰው ነው። ሌባውና ፖሊሱ ዊግ ሲቀያየሩ ያየ ዘመን ነው እንግዲህ።

ማሂ ከአዋሬ

እሺ የመጨረሻው ጥያቄዬ። ራስቲኛክ መቃብሩ ላይ ቆሞ ፓሪስን «አሁን እኔና አንቺ ነን!» ይላታል። ከዚያ ምን አደረገ? ዴልፊን ቤት እራት ሊበላ ሄደ! አባቷን ቀብሮ እጁን ሳይታጠብ። እኔ እዚያ ጋ መጽሐፉን ወረወርኩት።

ሰገነት ላይ

እኔ ግን ከሁሉ የታመነው መጨረሻ እሱ ነው የምለው። ፎክሮ ወደ ገጠሩ ቢመለስ ነበር የሚዋሸን። ቪክቶሪንን እምቢ ብሏል፣ ቮትራንን እምቢ ብሏል፤ እራቱን ግን እምቢ አላለም። ከዚህ በኋላ ዋናውን በር ያውቀዋል።

ሒሳብ ሹሟ

እራቱ ወጪው ስንት እንደሆነ ከዚህ ቀጥለው ባሉት መጻሕፍት ታገኙታላችሁ። «የኑሲንገን ቤት» በሚለው ውስጥ ራስቲኛክ በባንኩ ባለቤት የውሸት ኪሳራ እንዴት እንደከበረ ይተነተናል። ባልና ውሽማ አብረው ሠሩት ማለት ይቻላል። ቆይቶ ሚኒስትር ይሆናል። ያገባው ደግሞ ማንን ነው? የዴልፊንን ልጅ።

ማሂ ከአዋሬ

ልጇን??? የዴልፊንን?

ኪሩ

ኧረ ሰዎች! እኔ ገና «የጠፉ ሕልሞች»ን ልጀምር ነበር። ማስጠንቀቂያ ይቀድማል እኮ።

ሒሳብ ሹሟ

ሰገነት ከላይ አስጠንቅቋል፣ ፊርማዬ የለበትም። «የጠፉ ሕልሞች»ን ግን ጀምረው። መጨረሻው ላይ አንጉሌም አካባቢ መንገድ ዳር አንድ ስፔናዊ ቄስ ከሠረገላ ይወርዳል። እጁን አይተህ ና፣ እናወራለን።